ኦዲ መርፊ፤ ከጦር ሜዳ እስከ ሲኒማ መጋረጃ

በጦር ሜዳ ስሙ የተጠራ ሰው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ኑሮውን እንዴት እንደ ገፋ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሕዝብ ጀግናውን የሚያስታውሰው ኒሻኑ በደረቱ ላይ በተንጠለጠለበት ዕለት በነበረው መልኩ ነው። ከዚያ ዕለት በኋላ ግን ጀግናውም እንደ ማንኛውም ሰው እንጀራውን መፈለግ፣ ቤት መሥራት፣ ልጆች ማሳደግ፣ ሌሊትም መተኛት አለበት። በዚህ ረገድ የአሜሪካዊው ወታደርና የፊልም ተዋናይ የኦዲ መርፊ ሕይወት ብዙ የሚያስተምር ነው። ይህ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እጅግ ብዙ ኒሻን ከተሸለሙት የአሜሪካ ወታደሮች አንዱ ሲሆን፣ ከጦርነቱም በኋላ ከአርባ በሚበልጡ ፊልሞች ላይ ተጫውቷል። ከሁሉ የሚበልጠውን ሜዳይ ያስገኘለት ውጊያ የፈጀው አንድ ሰዓት ያህል ነበር፤ የተዋናይነትን ሙያ ለመማርና ጦርነቱ በልቡ ውስጥ ጥሎበት ከሄደው ሕመም ጋር ለመታገል ግን የቀረው ዕድሜው በሙሉ አስፈለገው።

ኦዲ መርፊ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 20 ቀን 1925 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የትውልድ ስፍራው በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት፣ በሀንት አውራጃ፣ ኪንግስተን በምትባል ትንሽ የገጠር መንደር አጠገብ ነው። ወላጆቹ የራሳቸው መሬት የሌላቸው፣ የሰው መሬት እያረሱ ከምርቱ ድርሻ የሚያገኙ የጥጥ ገበሬዎች ነበሩ። ከአሥራ ሁለት ልጆች እሱ ሰባተኛው ነው። አባቱ ቤተ ሰቡን ትቶ እየሄደ እየተመለሰ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ሄዶ ቀረ። ኦዲም አምስተኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱን አቋርጦ በቀን አንድ ዶላር እየተከፈለው ጥጥ ይለቅም ጀመር። ለቤተ ሰቡ መብል የሚሆን የዱር አውሬ ለማደን ጠመንጃ መያዝ የተማረውም በዚያን ጊዜ ነው። ጥይት ገንዘብ ነውና አንዱንም በከንቱ ማባከን አይችልም ነበር፤ በኋላ በጦር ሜዳ የታየው የተኳሽነት ችሎታው ከድኽነት የተገኘ ነው።

የመከር ወራት ሲመጣ ወንበሩ ባዶ የሚሆን ተማሪ በየትኛውም የገጠር ትምህርት ቤት ላስተማረ መምህር እንግዳ አይደለም። ኦዲ መርፊ ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነበር። ትምህርቱን ያለ ዕድሜው ማቋረጡ ዕድሜውን ሙሉ ሲቆጨው ኖሯል።

በ1941 እናቱ ሞተች፤ ልጁም ገና አሥራ ስድስት ዓመት አልሞላውም ነበር። ታናናሾቹ ወደ ሙት ልጆች ማሳደጊያ ተወሰዱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አገሩ ወደ ጦርነቱ ስትገባ ወታደር ለመሆን ተመኘ፤ ነገር ግን ዕድሜው ያልደረሰ፣ ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱም ቀጭን ስለ ነበረ የባሕር ወለድ ጦር አልቀበልም አለው። ከዚያ በኋላ ታላቅ እኅቱ ዕድሜውን ከፍ የሚያደርግ የምስክርነት ወረቀት ፈርማለት፣ በጁን ወር 1942 በእግረኛ ጦር ውስጥ ተራ ወታደር ሆኖ ተቀጠረ። ያ አንድ ዓመት ጭማሪ እስከ ዛሬ ድረስ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ተጽፎ ይታያል፤ ድንጋዩ የተወለደበትን ዓመት 1924 ብሎ ያመለክታልና።

የተመደበበት ጦር 3ኛው የአሜሪካ እግረኛ ክፍለ ጦር ነበር። በ1943 ወደ ሰሜን አፍሪካ ተሻግሮ ከሠለጠነ በኋላ በዚያው ዓመት በጁላይ ወር በሲሲሊ ደሴት ወርዶ ተዋጋ፤ ከዚያም በሳሌርኖና በአንዚዮ በኩል ኢጣልያን እየወጋ እስከ ሮም ደረሰ። በዚህ ጊዜ ሁሉ ወባ ደጋግሞ ይጥለው ነበር። ኦገስት 15 ቀን 1944 ጦሩ በደቡብ ፈረንሳይ ጠረፍ በወረደበት ዕለት ላቲ ቲፕተን የሚባለው የቅርብ ጓደኛው፣ ጠላት እጅ የሰጠ መስሎት ከምሽጉ ብቅ ሲል ተመትቶ ሞተ። መርፊ ያን ምሽግ ብቻውን ወጋው፤ ለዚህም ሥራው ከክብር ሜዳይ ቀጥሎ ያለውን ሁለተኛውን የጀግንነት መስቀል አገኘ። ሆኖም የዚያ ጓደኛው ሞት ከልቡ ሳይወጣ ኖሯል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለ ጦርነቱ የጻፈውን መጽሐፍ ካበረከተላቸው ጓዶቹ አንዱ ይኸው ቲፕተን ነው።

በኦክቶበር 1944 በጦር ሜዳ ላይ እንዳለ የምክትል መቶ አለቅነት ማዕርግ ተሰጠው። ወዲያው አድፋጭ ተኳሽ ዳሌው ላይ አቁስሎት ብዙ ሳምንታት በሆስፒታል ተኛ። ተመልሶ ከጦሩ ጋር በተቀላቀለ ጊዜ ክረምቱ ከብዶ፣ ምሥራቅ ፈረንሳይ በበረዶ ተሸፍኖ ነበር።

ጃንዋሪ 26 ቀን 1945 በአልዛስ አገር፣ ሆልትስቪር በምትባል መንደር አጠገብ፣ እሱ የሚያዝዘውና ብዙ ሰው ያለቀበት ሻምበል ጦር በስድስት የጀርመን ታንኮችና ታንኮቹን ተከትሎ በሚመጣ እግረኛ ተጠቃ። መርፊ ወታደሮቹ ወደ ጫካው አፈግፍገው እንዲከላከሉ አዘዘና፣ እሱ ራሱ በስልክ ለመድፈኞች ዒላማውን እያመለከተ ከፊት ቀረ። ጠላት በቀረበ ጊዜ፣ ተመትቶ በመቃጠል ላይ ባለ አንድ ታንክ አጥፊ ተሽከርካሪ ላይ ወጣ። ተሽከርካሪው ነዳጅና ጥይት እንደ ተሸከመ ነበርና በየትኛውም ደቂቃ ሊፈነዳ ይችል ነበር። በላዩ ላይ ባለው ከባድ መትረየስ እግረኛውን ከሦስት አቅጣጫ እየመለሰ አንድ ሰዓት ያህል ቆመ። እግሩ ቆስሎ፣ ጥይቱም ሲያልቅ ብቻ ወረደና ወደ ሻምበሉ ተመልሶ መልሶ ማጥቃቱን መራ። ታንኮቹም እግረኛ ረዳት በማጣታቸው ወደ ኋላ ተመለሱ። ለዚህ ሥራው አገሩ የምትሰጠውን ከፍተኛ ሽልማት፣ የክብር ሜዳይን፣ ጁን 2 ቀን 1945 በሳልስበርግ አጠገብ ተቀበለ። በሜዳይ ደረጃ ሃያ ዓመት እንኳ ገና አልሞላውም። ከአገሩ ሌላ የፈረንሳይና የቤልጅግ መንግሥታትም ኒሻን ሸልመውታል።

በጁላይ 1945 ላይፍ የሚባለው ታዋቂ መጽሔት የዚህን የልጅ ፊት ያለውን ወታደር ፎቶግራፍ በሽፋኑ ላይ አወጣ። ያን ሥዕል ያየው ዝነኛው ተዋናይ ጄምስ ካግኒ ወደ ሆሊውድ ጠራው። ካግኒና ወንድሙ ለወጣቱ ውል ሰጥተው ንግግርና ትወና እንዲማር አደረጉ፤ ነገር ግን ሁለት ዓመት ያህል አልፎ አንድም ፊልም ሳይሠራ ውሉ ፈረሰ። ስሙ በአገሩ ሁሉ የታወቀው ሰው ማደሪያ አጥቶ፣ አንድ ወዳጁ በከፈተው የስፖርት ማሠልጠኛ አዳራሽ ውስጥ ይተኛ ጀመር።

ይህ ዘመን በሕይወቱ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ዝናው ከሙያው ቀድሞ መጥቷልና፣ ሙያውን ከመጀመሪያው ፊደል መማር ግዴታ ሆነበት። የቴክሳስ ገጠር አነጋገሩ ለመጋረጃ አይመችም፤ ድምፁ ዝቅተኛ፣ ቁመቱም አጭር ነበር። ኤስቴል ሃርማን የምትባል የትወና መምህርት ሙያውን እንዲያሻሽል ረዳችው። አምስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን የተወው ሰው አነጋገሩን ለማረም የሼክስፒርንና የዊሊያም ሳሮያንን ድርሰቶች ጮክ ብሎ እያነበበ ያጠና ነበር። ከመንደሩ ትምህርት ቤት ያጣውን ጥቂቱን፣ በሃያዎቹ ዕድሜው በሌላ መምህርት እጅ አገኘው ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ የታየው በ1948 በወጣው ቢዮንድ ግሎሪ በሚባለው ፊልም ላይ ሲሆን፣ ድርሻው ጥቂት ቃላት ብቻ የያዘ ነበር። በ1949 ባድ ቦይ በሚባለው ፊልም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋናውን ሰው ሆኖ ተጫወተ፤ የተሰጠውም ወንጀል ውስጥ የገባ ወጣት ሆኖ ነው። በዚያው ዓመት፣ ከአንድ ጋዜጠኛ ወዳጁ ጋር የደረሰው የጦር ትዝታ መጽሐፍ ቱ ሄል ኤንድ ባክ በሚል ርእስ ታተመ። በመጽሐፉ ውስጥ ከሽልማቶቹ ይልቅ የሞቱት ጓዶቹ ይበልጥ ተወስተዋል። በ1950 ዩኒቨርሳል ኢንተርናሽናል የሚባለው የፊልም ኩባንያ የረጅም ጊዜ ውል ሰጠው፤ ከዚህ በኋላ ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ዋነኛ ሥራው የካውቦይ ፊልም ሆነ። በእነዚህም ፊልሞች አንዳንድ ጊዜ ሕግ አስከባሪ፣ አንዳንድ ጊዜም ቢሊ ዘ ኪድን እንደ መሰለ ሽፍታ ሆኖ ይታይ ነበር።

ከሥራዎቹ ሁሉ ሊተኮርበት የሚገባው ግን በ1951 የወጣው ዘ ሬድ ባጅ ኦፍ ከረጅ ነው። ታሪኩ ስቲፈን ክሬን ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1895 ካሳተመው ልቦለድ የተወሰደ ሲሆን፣ ፊልሙን ያዘጋጀው ጆን ሂውስተን ነው። ዋናው ሰው በመጀመሪያው ውጊያ ፈርቶ የሚሸሽ፣ በኋላም በሽሽቱ እያፈረ የሚመለስ ወጣት ወታደር ነው። ሂውስተን ይህን የፈሪ ድርሻ እንዲጫወት የመረጠው በአገሩ ከሁሉ ጀግና የተባለውን ሰው ነው። ብዙዎች ምርጫው እንግዳ ነገር ሆኖ ታያቸው። ምርጫው ትክክል እንደ ነበረ ግን ፊልሙን ያየ ሁሉ ይመሰክራል፤ በመርፊ ፊት ላይ የሚታየው ፍርሃት ከመጽሐፍ የተማረው አልነበረምና። ፈርቶ የማያውቅ ሰው ፍርሃትን ሊያሳይ አይችልም። የጀግናም ሥራ ፍርሃትን አለማወቅ ሳይሆን፣ ፍርሃቱን ተሸክሞ መቆም መሆኑን ይህ ፊልም ከማንኛውም የጦር ስብከት ይልቅ ያስረዳል። የሚያሳዝነው ነገር፣ ፊልሙ በሙከራ ሲታይ ተመልካቹ ስላልወደደው ኩባንያው ቆራርጦ ስልሳ ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ አስቀረው። ቢሆንም እስከ ዛሬ ከበጎ ሥራዎቹ መጀመሪያ ይቆጠራል።

በ1955 ደግሞ የራሱ መጽሐፍ ወደ ፊልም ተለወጠ። መርፊ ራሱን ሆኖ ለመጫወት አልወደደም ነበር፤ ሌላ ተዋናይ ይሻላል ብሎ ተከራክሮ፣ በመጨረሻ ተስማማ። ጓደኞቹ የሞቱበትን ቀን እንደገና በካሜራ ፊት መኖር፣ የሚነድደውንም ተሽከርካሪ እንደገና መውጣት ነበረበት። ፊልሙ እጅግ ብዙ ገንዘብ አስገባ፤ ዩኒቨርሳልም ይህን የገቢ ክብረ ወሰን ሲሰበር ያየው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1975 ጆውስ የሚባለው ፊልም በወጣ ጊዜ ነው። ሰዎች ለመደሰት ከፍለው ያዩት ነገር ለእሱ የሌሊት ቅዠቱ ነበር።

ከዚህ በኋላ በአንድ ዓይነት ሥራ ላለመወሰን ብዙ ሞከረ። በ1956 ዎክ ዘ ፕራውድ ላንድ በተባለው ፊልም፣ በአፓቼ ሕዝብ ላይ የተሾመውንና በጠመንጃ ፋንታ መተማመንን የመረጠውን ጆን ክለምን ሆኖ ታየ። በ1957 በናይት ፓሴጅ ላይ ከጄምስ ስቱዋርት ጋር ወንድማማቾች ሆነው ተጫወቱ። ስቱዋርት ራሱ በጦርነቱ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ ኒሻን የተሸለመ ሰው ነበርና፣ በዚያ ፊልም ሁለት የጦር ጀግኖች ተገናኝተዋል። በዚያው ዓመት በጃፓን ስለ ሰፈሩ ወታደሮች በተሠራ ጆ ባተርፍላይ በሚባል አስቂኝ ፊልም ላይ ቢጫወትም፣ ቀልድ የእሱ መክሊት አልነበረም። በ1958 ግን ጆሴፍ ማንኪየዊች ከግሬም ግሪን ልቦለድ ወስዶ ባዘጋጀው ዘ ኳየት አሜሪካን ላይ፣ ወደ ቬትናም የመጣውን አሜሪካዊ ወጣት ሆኖ ተጫወተ፤ ከፊልሙም ከፊሉ የተነሣው እዚያው በሳይጎን ነው። ደራሲው ግሪን የታሪኩ ሐሳብ ተገልብጦብኛል ብሎ አጥብቆ ተቃውሟል። አገሩ በዚያ ምድር ወደ ትልቅ ጦርነት ከመግባቷ በፊት ያን ድርሻ የተጫወተ ሰው፣ ኋላ ከዚያው ምድር ለተመለሱት ወጣቶች ጠበቃ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

የተዋናይነት ችሎታው ጎልምሶ የታየው በ1959 በወጣው ኖ ኔም ኦን ዘ ቡሌት ላይ ነው። በዚህ ፊልም በገንዘብ ሰው የሚገድል እንግዳ ሆኖ ወደ አንዲት ከተማ ይገባል። ማንን ለመግደል እንደ መጣ የሚያውቅ የለም፤ የከተማው ሰው ሁሉ ግን የየራሱን ኃጢአት ስለሚያውቅ የመጣብኝ ለእኔ ነው ብሎ ይሸበራል። መርፊ በዚህ ሥራ አይጮኽም፤ አይቆጣም፤ ከሐኪሙ ጋር ቁጭ ብሎ ቼዝ ይጫወታል። ቀደም ሲል ጉድለቱ ተብለው ይቆጠሩ የነበሩት ዝቅተኛ ድምፁ፣ የልጅ ፊቱና ዝምታው አሁን የሚያስፈሩ ሆኑ። ጉድለቱን መሣሪያ ለማድረግ የቻለ ባለሙያ ሙያውን አውቋል። በ1960 እንደገና ከጆን ሂውስተን ጋር ሆኖ በዘ አንፎርጊቭን ላይ በጥላቻ የታወረ ወንድም ሆኖ ሲጫወት፣ ከበርት ላንካስተርና ከኦድሪ ሄፕበርን ጎን ሳያንስ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ተለወጠበት። ቴሌቪዥን በየቤቱ ገባ፤ ርካሽ የካውቦይ ፊልም የሚያይ ሕዝብ አነሰ። በ1961 ዊስፐሪንግ ስሚዝ የሚባል የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ቢሠራም ዕድሜው አጭር ሆነ። የገጠር ዘፈን ግጥም መድረስም ጀመረ፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ በታወቁ ዘፋኞች ተዘፍነዋል። የመጨረሻው ሥራው በ1969 የተሠራው ኤ ታይም ፎር ዳይንግ ሲሆን፣ በዚያ ላይ ጄሲ ጄምስ የሚባለውን ሽፍታ ሆኖ ለጥቂት ጊዜ ይታያል።

የሰውየው ሌላው ትግል ከመጋረጃው በስተጀርባ ነበር። ጦርነቱ ካበቃ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቶ ኖረ፤ በተኛም ጊዜ ቅዠት ይቀሰቅሰዋል። ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ከትራሱ ሥር ሳያኖር አይተኛም ነበር። ዋንዳ ሄንድሪክስ ከምትባለው ተዋናይት ጋር በ1949 የመሠረተው የመጀመሪያ ትዳሩ በሁለት ዓመት ፈረሰ፤ በ1951 ፓሜላ አርቸርን አግብቶ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለደ። ቁማር ገንዘቡን በላው፤ በ1968 ለኪሳራ ተዳረገ። እንዲህም ሆኖ ለወጣቶች መጥፎ ምሳሌ እሆናለሁ በማለት የመጠጥና የሲጋራ ማስታወቂያ እንዲሠራ ሲጠየቅ እንቢ ይል ነበር።

እንቅልፍ ለማግኘት የሚወስደው ኪኒን ሱስ በሆነበት ጊዜ፣ በአንድ ማረፊያ ቤት ክፍል ውስጥ ራሱን ቆልፎ አንድ ሳምንት ተሠቃይቶ ተወው። ከዚህም የሚበልጥ ሌላ ነገር አደረገ፤ ሕመሙን በአደባባይ ተናገረ። በዚያ ዘመን የወታደር ቁስል የሚባለው በዓይን የሚታየው ብቻ ነበር። በሌሊት የሚጮኽ፣ በድንገት የሚደነግጥ፣ ከቤተ ሰቡ ጋር መኖር ያቃተው ወታደር ልበ ደካማ ይባል ነበር። ደረቱ በኒሻን የተሸፈነው ሰው እኔም እንደዚሁ ነኝ ሲል ግን ልበ ደካማ ሊለው የሚደፍር አልተገኘም። ከኮሪያና ከቬትናም የተመለሱት ወታደሮች ለዚህ ሕመም ሕክምና እንዲያገኙ መንግሥቱን ወተወተ። የሕክምና ባለሙያዎች ይህን ደዌ በይፋ ስም ሰጥተው በመዝገባቸው የጻፉት እሱ ከሞተ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1980 ነው።

ሜይ 28 ቀን 1971 የተሳፈረባት ትንሽ አውሮፕላን በዝናብና በጉም መካከል መንገዷን ስታ፣ በቨርጂኒያ ግዛት ከሮአኖክ ከተማ አጠገብ ባለ ተራራ ላይ ወደቀች፤ በውስጧ ከነበሩትም አንድ አልተረፈም። ዕድሜው ገና አርባ አምስት ነበር። በጁን ወር በአርሊንግተን ብሔራዊ የመቃብር ስፍራ በወታደራዊ ክብር ተቀበረ። የክብር ሜዳይ የተሸለሙ ሰዎች የመቃብር ጽሕፈት በወርቅ ቀለም እንዲደምቅ በዚያ ስፍራ ልማድ ነው፤ የእሱ ድንጋይ ግን በራሱ ፈቃድ እንደ ማንኛውም ተራ ወታደር ድንጋይ ያለ ወርቅ ቀረ። በጎብኚ ብዛት ግን ከዚያ ስፍራ ከታወቁት መቃብሮች አንዱ ነው። በሳን አንቶኒዮ ከተማ ያለው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል በስሙ ተሰይሟል፤ ሚስቱ ፓሜላም ከሞቱ በኋላ በካሊፎርኒያ በሚገኝ ሌላ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ተቀጥራ ለብዙ ዓመታት በሽተኞቹን ስታገለግል ኖራለች።

እንግዲህ በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ ድፍረት የታየው ሦስት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው በሆልትስቪር በረዶ ላይ የታየውና ዓለም የሸለመው ነው። ሁለተኛው፣ ስሙ ከገነነ በኋላ ተማሪ ለመሆን ዝቅ ማለቱ ነው፤ ይህን ለማድረግ የሚችል ዝነኛ ሰው ብዙ አይገኝም። ሦስተኛው፣ ድካሙን ሳይደብቅ ለሌሎች መድኃኒት እንዲፈለግ መናገሩ ነው። ለኋለኞቹ ሁለቱ ኒሻን አልተሰጠውም። ለልጆቻችን የጀግና ታሪክ የምንነግር መምህራን የሚነድደውን ተሽከርካሪ ብቻ ነግረን እንዳናቆም ይገባናል። ጥጥ ለመልቀም ከክፍል የወጣውን ልጅ፣ በሃያዎቹ ዕድሜው ጮክ ብሎ ሲያነብ የተገኘውን ተማሪ፣ ሌሊት የማይተኛውንም አባት አብረን መንገር አለብን። ከሚሰሙን ልጆች አብዛኞቹ ጦር ሜዳ አይደርሱም፤ መማርና ድካምን መናገር ግን ለእያንዳንዳቸው የማይቀር ነው።